የመናገሻ ሦስቱ በሮችና የአሮጌ ካሚዮኖች ትዝታ

በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ አዲስ አበባን ከብበው ከሚገኙት ከተሞች መካከል ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ለዋና ከተማይቱ እንደ ሦስት በሮች ሆነው ኖረዋል። በሰበታ በኩል የጅማው መንገድ ይገባል፤ በቡራዩ በኩል የአምቦና የወለጋው፥ በሱሉልታ በኩል ደግሞ የጎጃምና የጎንደሩ ይመጣል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ተብሎ በተሰየመው ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ዳሩ ግን ስማቸው ቢሰፋም በራቸው አልተለወጠም። የከተማይቱ ጤፍና ቅቤ፥ ቡናና እንጨት፥ ድንጋይና ድርቆሽ ሲገባ የኖረው በእነዚሁ በሮች ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ስለ ጭነት መኪና የሚናገር ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መውጣቱ ምናልባት ያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን አስተውለን ብንመለከተው፥ በየቤታችን ጓዳ ከገባው እህል አብዛኛው ካሚዮን ላይ ሳይወጣ የመጣ አይደለም። ደግሞም ካሚዮኑን የነዳው ሰው ሚስትና ልጆች፥ የሚጠብቁት እናትና አባት የነበሩት ነው። ስለዚህ የካሚዮን ታሪክ የመንገድና የንግድ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የቤት ታሪክም ስለሆነ፥ ይህን ለመጻፍ ወደድን።

ከካሚዮን በፊት የነበረው ቅፍለት ነው። ሲራራ ነጋዴው በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ከጅማና ከወለጋ፥ ከጎጃምም ተነሥቶ ሳምንታት በመንገድ ያሳልፍ ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ በየሰፈሩ ያድራል፤ ወንዝ ሲሞላ ውሃው እስኪጎድል ይቀመጣል። አንድ የጭነት በቅሎ 80 ኪሎ ያህል ትሸከማለች ብንል፥ 6 ቶን የሚጭን አንድ ካሚዮን የ75 በቅሎዎችን ሸክም ብቻውን ያነሣል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የበቅሎዎቹን መኖና የጫኞቹን ስንቅ ብንጨምርበት፥ ካሚዮን በአገራችን ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ይሆናል።

የመናገሻ ምድር በመንገድ ሥራ ረገድ ከሌሎች አውራጃዎች ቀዳሚ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የማገዶ እንጨት እጥረት በአዲስ አበባ ላይ ስለ ጠና መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ባሰቡ ጊዜ፥ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ በ1890ዎቹ ዓመታት ተሠራ። ይህም በዛሬው ቡራዩና ሆለታ በኩል የሚያልፈው ሲሆን፥ በአገራችን በአዲስ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ኋላም ባሕር ዛፍ ተተክሎ የማገዶው ችግር ስለ ቀለለ ዋና ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች፤ መንገዱ ግን ለትውልድ ቀረ።

በዚያው ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ተሽከርካሪ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰየመው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ኦቶሞቢል እየነዳ ለንጉሠ ነገሥቱ ይዞ መጣ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ከባሕር የመጣው ዕቃ በአንድ ጊዜ እስከ ከተማይቱ ይገባ ጀመር። ነገር ግን ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብም ሆነ ወደ ሰሜን አላለፈም። ሐዲዱ ባበቃበት የሚጀምረው ሥራ ለካሚዮን የቀረ ርስት ሆነ።

አሁን ከምንናገረው ነገር ሁሉ የሚከብደው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በግፍ በወረረ ጊዜ፥ የመንገዱን ሥራ ያፋጠነው ለሠራዊቱ መተላለፊያ ብሎ ነው። ካሚዮኖቹም የገቡት ጥይትና ወታደር ጭነው ነው። በኢጣልያ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመ «ቺታዎ» የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ የጭነት ኩባንያም ነበር። አርበኞች በየጫካውና በየገደሉ ስለ ነበሩ የጠላት ካሚዮኖች ያለ አጃቢ ለመሄድ ይፈሩ ነበር። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ የተነሡት አርበኞች የመጡት ከእነዚሁ ከከተማይቱ ዙሪያ ካሉ አገሮች መሆኑን ስናስብ፥ የመናገሻ መንገድ አስቀድሞ የደም መንገድ እንደ ነበር እናያለን።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ጠላት ሄደ፤ ከብረቱ ግን ብዙው ቀረ። ከዚያም ላይ የእንግሊዝ ጦር ከፊሉን ወሰደ። ከሞተር ሥራ አዋቂዎች የሆኑ አንዳንድ ጣልያኖች በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ተጠልለው በአገሪቱ ቀሩ፤ ጋራዥም ከፈቱ። ከእነርሱም ዘንድ ዕቃ አቀባይ፥ ጎማ ፈቺና ዘይት ቀያሪ ሆነው የገቡት የአገራችን ልጆች እጃቸውን አሠልጥነው መካኒክና ሾፌር ሆኑ። ጠላት ሕዝቡን ለመግዣ ያመጣው ብረት፥ ሕዝቡ ራሱን ለመመገቢያ የሚሠራበት መሣሪያ ሆነ። ይህንንም ስንናገር ወራሪውን ለማመስገን አይደለም። ምስጋናው የሚገባው የሰበረውን ጠግኖ፥ የተጣለውን አንሥቶ እንጀራ ላደረገው ለአገሬው ሰው ነው።

ስለ ካሚዮኖቹ ዓይነት ጥቂት እንበል። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ፊያት 634 ነው። ይህን ካሚዮን የፊያት ፋብሪካ በፈረንጅ 1931 ዓ.ም. ማውጣት ጀምሮ እስከ 1939 ሠራው። ሕዝባችን በጣልያንኛው ቁጥር «ትሬንታ ኳትሮ» ይለዋል፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ኮፋኖው ወደ ፊት የረዘመ፥ ስድስት ሲሊንደር ያለው፥ በናፍታ የሚሠራና 6 ቶን ጭነት የማይከብደው ሲሆን፥ ፍጥነቱ ግን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይደርስም ነበር። ከሰበታ እስከ ጅማ ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በዚህ ፍጥነት ሳይቆም ቢሄድ እንኳ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጭቃውን፥ ዳገቱንና ብልሽቱን ስንጨምር ደግሞ ሰዓቱ ቀን፥ ቀኑም ሳምንት ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ላንቻ ሮ ነው። የላንቻ ፋብሪካ መኪናዎቹን በግሪክ ፊደል ስም የመጥራት ልማድ ስለ ነበረው «ሮ» የተባለው ከዚያ ነው። ሞተሩ ዩንከርስ ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ ፈቃድ ተገኝቶ የተሠራ ሆኖ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበረው። ሦስተኛውና ከሁሉ ኋላ የመጣው በፈረንጅ 1952 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው የፊያት 682 ዘር ነው። ከዚህም ዘር «ኤንትሬ» የተባለው በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ነግሦ ኖረ። ግንባሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ነጂው የሚቀመጠው ከሞተሩ በላይ ነው። ተሳቢ ጎትቶ ከአሰብ ወደብ እስከ መሐል አገር፥ ከመሐል አገርም እስከ ጎሬ ድረስ የተመላለሰው እርሱ ነው።

የጣልያን ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ይህም በቀኝ በሚነዳ አገር ነጂው የገደሉን አፋፍ አጠገቡ እንዲያይ የታሰበ ነው። በእኛ አገር ግን ከነጻነት በኋላ መንገዱ በግራ የሚነዳበት ሆኖ እስከ 1956 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ካሚዮን ላይ ያለው ነጂ ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ሲፈልግ የሚመጣውን መኪና የሚያይለት ረዳቱ ሆነ። የነጂው ሕይወት በረዳቱ ዓይን፥ የረዳቱም ሕይወት በነጂው እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ ረዳቱ ካነሣን አይቀር፥ ይህ ሰው በጽሑፍ እምብዛም የማይታወስ ሆኖ ሳለ ድካሙ ከሁሉ የበለጠ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ለመውጣት የእንጦጦን ተራራ መሻገር ያስፈልጋል። ጭነት የበዛበት ካሚዮን በዚያ ዳገት ላይ እንደ ሰው እርምጃ ሲያዘግም፥ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ እየተከተለ በእግሩ ይወጣ ነበር። ሞተሩ የጠፋ ወይም ፍሬኑ አልይዝ ያለ እንደ ሆነ፥ ታኮውን ከጎማው በስተ ኋላ ወርውሮ ካሚዮኑን ማስቆም የእርሱ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ቢዘገይ ንብረትም ነፍስም ይጠፋል። ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ የሚያነሣ፥ ብርድ በበዛበት ሌሊት ጭነቱ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ፥ ማለዳም ሞተሩን በማኖቬላ የሚቀሰቅስ እርሱ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመታት ከታገሠ በኋላ መሪ ለመያዝ የሚበቃው ከብዙዎቹ ጥቂቱ ነው።

ሦስቱ በሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይና የራሳቸው ጭነት ነበራቸው። በሰበታ በኩል የጅማ ቡናና የበቾ ሜዳ ጤፍ ይገባ ነበር። ከሰበታ ወዲያ ያለው የተፍኪ ሜዳ ጥቁር አፈር ስለሆነ፥ በክረምት አዋሽ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል። ከዋናው መንገድ የወጣ ጎማም በጭቃው ይያዝ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የሜታ ቢራ ፋብሪካ በሰበታ ሲቋቋም ጠርሙስ የሞላበት ሣጥን በበሩ ላይ አዲስ ጭነት ሆነ።

በቡራዩ በኩል የሚመጣው ከወለጋ ቡና፥ ከአምቦ ደግሞ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠው የማዕድን ውሃ ነው። ለከተማይቱ ቤቶች መሠረት የሚሆነው ድንጋይም ከዚያው አካባቢ ይጫን ነበር። በሱሉልታ በኩል የጎጃም ጤፍና ቅቤ፥ የሰላሌም ከብት ውጤት ይመጣል። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ደግሞ የከተማይቱን ከብቶችና ፈረሶች መግቦ ያኖረ ስለሆነ፥ ከርቀት ሲታይ ቤት የሚያህል የሣር ክምር በራሱ እግር የሚሄድ የሚመስልበት ጊዜ ነበር።

ከሦስቱ የሚያስፈራው የሱሉልታ መንገድ እንደ ነበር አያጠራጥርም። እንጦጦን የተሻገረ ካሚዮን ፍቼን አልፎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በደጀን በኩልም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ነጂው በከባድ ማርሽ፥ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቀ፥ በየጥምዝምዙ ክላክስ እያሰማ ይወርድ ነበር። በበረሃው ላይ አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቆ መሻገሪያው ቢመቻችም፥ ገደሉ ዛሬም ያው ገደል ነው። በዚያ ቁልቁለት ያለቁት ነጂዎችና ረዳቶች መቃብራቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ተበትኗል።

ወደ ቤት ነገር እንመለስ። ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ሾፌር ማለት ደብዳቤም ባንክም ነበር። በአዲስ አበባ የሚማር ልጅ ያላት እናት በሶና ቅቤ ቋጥራ ለሾፌር ትሰጣለች፤ በገጠር ያለ ባለ ርስት ለከተማ ቤቱ ገንዘብ ሲልክ በሾፌር እጅ ይልካል። ደረሰኝ የለም፤ ያለው አደራ ብቻ ነው። የገንዘቡም ነገር ቀላል አልነበረም፤ በ1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ከመውጣቱ በፊት የንግድ ዋጋ በብዛት የሚከፈለው በጠገራ ብር ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሸክም በመቀመጫው ሥር አድርጎ ሌሊቱን በመንገድ ያደረ ሰው፥ የራሱን ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ ስም ተሸክሞ ነበር።

በሾፌር ቤት ያለችውስ ሚስት? እርስዋ የምትኖረው በመጠበቅ ነው። ባልዋ የሚመለስበት ቀን አይታወቅም፤ ዝናብ ሲበዛ ወንዙን ታስባለች፤ ፀሐይ ሲበረታ በረሃውን ታስባለች። ልጅ ይወለዳል፥ አባቱ በመንገድ ነው፤ ሰው ይሞታል፥ ሐዘኑ የሚነገረው ሲመለስ ነው። ዕቁቡን የምትጥል፥ ዕድሩን የምትከፍል፥ ልጆቹን ቀጥታ የምታሳድግ እርስዋ ነበረች። አንዳንዱ ሾፌር በየመዳረሻው ሌላ ጎጆ ይቀልስ ስለ ነበር፥ የዚህ ሥራ ሐዘን ሁሉ ከገደል የመጣ እንዳልሆነ መሸሸግ አያስፈልግም። ይህም ሆኖ ካሚዮን አዲስ ሲገዛ ጠበል ተረጭቶ፥ ጠላ ተጠምቆ፥ ጎረቤት ተጠርቶ የሚመረቀው እንደ ቤተ ሰብ ልጅ ነበር።

ጭነት የማመላለሱ ሥራ በባለቤትነት ረገድ ብዙ ለውጥ አይቷል። አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ካሚዮን ያለው ሰው ራሱ እየነዳ፥ ወይም ሾፌር ቀጥሮ ይሠራ ነበር። ነጋዴዎችና መኳንንትም ገንዘባቸውን በካሚዮን ላይ አዋሉ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ፥ ቀድሞ ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር መንገዶቹ ይጠገኑ ስለ ጀመር ሥራው ሰፋ። ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባለ መኪኖቹ በቀጠና ተደራጁ፤ ጭነትም በወረፋ ይነሣ ጀመር። በ1984 ዓ.ም. ገበያው እንደ ገና ነጻ ሲሆን ቀጠናው አከተመ። በዚህ ሁሉ መካከል ያ አሮጌ ካሚዮን ባለቤቱ ቢለወጥ፥ ታርጋው ቢለወጥ፥ ቀለሙም ቢለወጥ፥ እየተጠገነ ይሄድ ነበር።

የካሚዮኖቹ ሌላ ቅርስ በአፋችን ላይ ያለው ቃል ነው። መኪና፥ ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ኮፋኖ፥ ታርጋ፥ ሊብሬና ቦሎ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በዚያው በር ፉርኖና ላቫንዲኖ፥ ፓስታና ሳልሳ ወደ ማዕድ ቤታችን ገብተዋል። ቋንቋችን እንግዳውን ቃል ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል፤ ዛሬ «ታኮ» የሚል የሱሉልታ ገበሬ የባዕድ ቋንቋ ተናገርሁ ብሎ አያስብም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ያ ትውልድ እያለቀ ነው። ትሬንታ ኳትሮን የነዱት ሽማግሎች ከእነ ትዝታቸው እየሄዱ ናቸው፤ ካሚዮኖቹም በብረት ሚዛን እየተመዘኑ፥ በእሳት እየተቆረጡ ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። አንድ አሮጌ ካሚዮን በኪሎ ተሸጦ የሚያመጣው ገንዘብ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። ያ ብረት የያዘው ታሪክ ግን ሁለተኛ አይገዛም። በሌሎች አገሮች ይህን ያስተዋሉ ሰዎች አሮጌ የጭነት መኪናዎችን አድሰው በክብር ያኖራሉ። በእንግሊዝ አገር ከፈረንጅ 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ከሎንዶን እስከ ብራይተን ድረስ በአሮጌ የጭነት መኪናዎች የሚጓዝ ሰልፍ ተደርጓል። እኛ ግን ካሚዮኑ ሳይደክመው፥ እኛ ማስታወስ ደከመን።

አንዳንድ ሰው «ጠላት ያመጣውን ብረት ማክበር ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። መልሳችንም ይህ ነው፤ ብረቱ አባት የለውም፤ ሥራው ግን አባት አለው። ካሚዮኑን ፋብሪካ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በእኛ አገር መካኒኮች እጅ ግን መቶ ጊዜ ተሠርቷል። መለዋወጫ በሌለበት ከላሜራ ቆርጦ፥ ከሌላ መኪና ነቅሎ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያኖረው ሰው ስሙ ካልተጻፈ፥ በዚያ ካሚዮን ላይ የሚቀረው የፋብሪካው ስም ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ በእውነት ያከበርነው ባዕዱን ይሆናል።

ስለዚህ ለአንባብያን የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአባት ወይም የአያት መንጃ ፈቃድ፥ አሮጌ ሊብሬ፥ የጭነት ደረሰኝ፥ ካሚዮን ተደግፎ የተነሣ ፎቶግራፍ ይገኛል። እነዚህ ወረቀቶች እንዳይጣሉ፤ በፎቶግራፉም ጀርባ የሰዎቹ ስም፥ ቦታውና ዓመቱ ይጻፍበት። ሽማግሌው በሕይወት ካለ፥ ከልጅ ልጆቹ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ የሚናገረውን ይጻፍለት፤ የዛሬው ስልክ ድምፁን ለመቅረጽ ስለሚችል ሰበብ የለም። እናትም ትጠየቅ፤ ነጂው የመንገዱን ታሪክ ቢያውቅ፥ የመጠበቁን ታሪክ የምታውቅ እርስዋ ናት። ለሕዝብ ጥቅም ለማኖር የሚወድ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፥ ወይም ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት ቅጂውን ቢሰጥ መልካም ነው።

በሥልጣን ላይ ያላችሁም፥ በሦስቱ በሮች ከሚቆሙት አዳዲስ ሕንጻዎች አጠገብ ለአንድ ትሬንታ ኳትሮ ወይም ለአንድ ኤንትሬ የሚሆን ጥቂት ቦታ ብትተዉ፥ ከእርሱም ጎን ታኮውን የያዘው ረዳት ቢታሰብ፥ ወጪው ትንሽ፥ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው። አባቶቻችን የሰው አደራ ሳያጎድሉ ዐባይን ተሻግረዋል። የእነርሱን አደራ ግን ከሣጥን እስከ ወረቀት ማድረስ የእኛ ተራ ነው፤ መንገዱም አጭር፥ ዳገትም የሌለበት ነው።